ውሃ ያልነበራት ወደብ፦ የምጽዋ ታሪክና ሙዚየሟ

ስለ ምጽዋ ሲነሣ ቶሎ የሚታወሰን ጦርነት ነው፤ ዶጋሊ፣ የጣልያን መርከቦች፣ የባሕር ኃይሉ ሰፈር፣ የ1982 ዓ.ም. የካቲት። እያንዳንዱ ለብቻው ስለሚነገር ግን አንዲት ትንሽ ደሴት ይህን ሁሉ መከራ ለምን ደጋግማ እንዳየች ሳይገባን እንቀራለን። ነገሩን በደንብ የሚፈታው ጥያቄ አንድ ይመስለኛል፦ የምጽዋ ሰው የሚጠጣውን ውሃ ከየት ያገኝ ነበር? ከዚህ ጥያቄ ተነሥተን ከተማዋንም፣ በከተማዋ ያለውን ሙዚየምም እንይ። (ዓመቶቹና አብረዋቸው የተጠቀሱት ቀኖችና ወራት «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምጽዋ ዛሬ በኤርትራ የሰሜናዊ ቀይ ባሕር ዞን ዋና ከተማ ናት። አሮጌው ከተማ ያለው በጥንት ስሟ ባጽዕ በምትባለው ደሴት ላይ ነው። ከእሷ ቀጥሎ ጥዋለት የምትባል ሌላ ደሴት አለች፤ ከጥዋለት ወዲህ የብሱ ይጀምራል። ሦስቱን የሚያያይዙት ባሕሩን በድንጋይ ሞልተው የተሠሩ መንገዶች ናቸው። መንገዶቹ ከመሠራታቸው በፊት ወደ ደሴቱ የሚገባ ሰውም ዕቃም በጀልባ ነበር የሚሻገረው።

ደሴቱ የቆመው በዛጎል ድንጋይ፣ ማለትም በባሕር ውስጥ ተሕዋስያን ከተገነባ አለት ላይ ነው። ቢቆፈር የሚወጣው ጨዋማ ውሃ ነው። ዝናቡ ጥቂት ነው፤ እሱም የሚጥለው ደጋው ደረቅ በሚሆንበት በክረምታችን ተቃራኒ ወቅት፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት ነው። በዓመት ውስጥ ያለው አማካይ ሙቀት 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን በሐምሌና በነሐሴ ከ40 ያልፋል። ጥሩ ውሃ የሚገኘው በየብሱ ላይ፣ ከደጋ የሚወርዱ ደረቅ ወንዞች አሸዋ ሥር ባሉ ጉድጓዶች ነው። በስተ ደቡብ ሕርጊጎ፣ በስተ ምዕራብ እምኩሉ እነዚህን ጉድጓዶች የያዙ መንደሮች ናቸው። የደሴቱ ሀብታም ነጋዴዎች ቤተሰባቸውን በእምኩሉና በሕጡምሎ አስቀምጠው ራሳቸው ቀን ቀን ለንግድ ወደ ደሴቱ ይመላለሱ ነበር።

ታዲያ ሰዎች ለምን እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ወደብ አቆሙ? የደሴቱ ዙሪያ ጥልቅና ከማዕበል የተከለለ ስለሆነ ትልቅ መርከብ ያለ ሥጋት ሊቆም ይችላል። ወደ ደጋው የሚያወጣውም መንገድ አጭር ነው። ስለዚህ ምጽዋ ለመርከብ የተመቸች፣ ለሰው ግን ያልተመቸች ሆነች። በባሕር በኩል የመጣ ኃይል በመድፍ ሊይዛት ይችላል፤ ይዞ ለመቆየት ግን ከየብሱ ሰው ጋር መስማማት አለበት። በደጋው ያለ ንጉሥም ውሃውንና መንገዱን ቢይዝ መርከብ ከሌለው ደሴቷን መያዝ አይችልም። ከዚህ በታች ያለው ታሪክ በአብዛኛው የዚህ ነገር ውጤት ነው።

በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ምጽዋ ላይ ሲወርዱ ሁኔታው ይኸው ነበር። ደሴቲቱ የሙስሊም ነጋዴዎች ከተማ ነበረች፤ ከፊት ለፊቷ ያለችው ሕርጊጎ ግን የጠረፉ አገር ገዥ ለሆነው ለባሕር ነጋሹ፣ በእሱም በኩል ለአፄ ልብነ ድንግል ትገዛ ነበር። ከ21 ዓመት በኋላ ፖርቱጋላዊው ክሪስቶቮ ዳ ጋማ 400 ወታደሮቹን ይዞ ግራኝ አሕመድን ለመውጋት ወደ ደጋ የወጣው በዚሁ በር ነው።

በ1557 ኦዝደሚር ፓሻ ምጽዋን ለኦቶማን ቱርኮች ያዘ። ቱርኮቹ በዚህ አልረኩም፤ ድባርዋ ድረስ ወጥተው ደጋውን ለመያዝ ሞከሩ። ባሕር ነጋሽ ይስሐቅ አንድ ጊዜ ወጋቸው፣ ሌላ ጊዜ ተባበራቸው፤ በመጨረሻም በ1570ዎቹ መገባደጃ አፄ ሠርፀ ድንግል ይስሐቅንም የቱርኩንም ጦር አሸነፉ። ከዚያ በኋላ ቱርኮች የደጋውን ነገር ተዉትና በደሴቷ ረግተው ተቀመጡ። የየብሱን አስተዳደር ደግሞ በለው ከሚባለው ነገድ ለሆነ የሕርጊጎ ባላባት ቤተሰብ ሰጡ። የዚህ ቤት ሹም ናይብ ይባላል።

የናይቦቹ ሥልጣን ብዙ ጊዜ በሚገባ አይነገርላቸውም። በወረቀት ላይ የሱልጣኑ ወኪሎች ናቸው፤ ደመወዝም ይቀበላሉ። በተግባር ግን የደሴቷ ውሃ የሚመጣው ከእነሱ ጉድጓድ፣ ቅፍለቱ የሚያልፈውም በእነሱ ምድር ነው። ከደሴቱ ሹም ጋር ሲጣሉ ውሃና ምግብ ያቋርጡበት ነበር። ደጋውም ቢሆን ያለ እነሱ ፈቃድ ከውጭ ሰው ጋር መገናኘት ይቸግረው ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1769 ምጽዋ ደርሶ ወደ ጎንደር መንገድ እስኪከፈትለት ድረስ ሳምንታት የጠበቀው ናይቡን ለማስማማት ሲደክም ነው። ሁለት ታላላቅ መንግሥታት መካከል ተቀምጦ፣ በጉድጓድና በመንገድ ብቻ ሁለቱንም ለሦስት መቶ ዓመት ያህል ያስጠበቀ ቤት በታሪካችን ብዙ አይገኝም።

የናይቦቹን ኃይል የሰበረው ከጦርነት ይልቅ የቧንቧ መስመር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1865 የቱርኩ ሱልጣን ምጽዋን ለግብጹ ገዥ ለኢስማኤል አስተላለፈ፤ ኢስማኤል ደግሞ በ1871 ወርነር ሙንዚንገር የተባለውን ስዊዘርላንዳዊ በምጽዋ ላይ ሾመ። ሙንዚንገር የአገሩን ቋንቋና ሰው በቅርብ የሚያውቅ ነበር። በእሱ ዘመን ከእምኩሉ ውሃ ወደ ከተማዋ ተሳበ፤ ደሴቶቹም በተሞላ መንገድ ከየብሱ ጋር ተያያዙ። ከዚያ ወዲያ ውሃ የሚያቋርጥ ናይብ አልነበረም። ደሴቱን የያዘ ሰው የራሱን ጥም ስለቻለ ወደ ውስጥ መመኘት ጀመረ። ግብጾች በ1875 ጉንደት፣ በ1876 ጉራዕ ላይ በአፄ ዮሐንስ ጦር የተሸነፉት በዚህ ምኞት ነው። ሙንዚንገርም በዚያው በ1875 በአውሳ በኩል ሲዘምት ተገደለ።

ከዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በዚያው ጠረፍ ሌላ ጦር ስለ ውሃ ራሱን ሲያሳምም ነበር። ጄኔራል ናፒየር አፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ሲመጡ የመረጡት ምጽዋን ትቶ ከእሷ በስተ ደቡብ ያለውን የዙላ ባሕረ ሰላጤ ነው። በዙላም የሚጠጣ ውሃ ስላልነበረ እንግሊዞቹ የባሕሩን ውሃ በማሽን እያፈሉና ጨውን እያስቀሩ ያጠጡ ነበር። ያም ሆኖ ከጭነት እንስሶቻቸው ብዙዎቹ በጥምና በበሽታ አለቁ። ከሕንድ ያመጧቸው 44 ዝሆኖች መድፍ ተሸክመው ወደ መቅደላ የወጡት፣ ከመቅደላ የተዘረፈው መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት፣ ትንሹ ልዑል ዓለማየሁም ጭምር ከአገር የወጡት በዚሁ ዳርቻ ነው። ወደ ሙዚየሙ ስንደርስ ይህ ጦር እንደገና ይነሣል።

አፄ ዮሐንስ ምጽዋን በጦር እንደማይይዟት ያውቁ ስለነበር በውል ሞከሩ። በሰኔ 1884 ከእንግሊዝና ከግብጽ ጋር ዓድዋ ላይ በተፈረመው የሂዌት ውል መሠረት ማንኛውም ዕቃ፣ መሣሪያም ጭምር፣ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር በምጽዋ በኩል ያለ ቀረጥ እንዲያልፍ ተስማሙ። ስምንት ወር ያህል ቆይቶ፣ የካቲት 5 ቀን 1885፣ ጣልያኖች በእንግሊዝ ይሁንታ ምጽዋን ያዙ። ውሉ ወረቀት ሆኖ ቀረ።

ጣልያኖችም ወዲያው ወደ ጉድጓዶቹ ነው የሄዱት። ከጠረፉ ወደ ደጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ነጋዴ የሚያርፍበት፣ ውሃ ያለበት ሰሐጢ የሚባል ቦታ አለ፤ እሱን ይዘው መሸጉበት። ራስ አሉላ ልቀቁ አሉ፤ እንቢ ሲባሉ በጥር 1887 (1879 ዓ.ም.) ምሽጉን አጠቁ፤ ግን አልተሳካላቸውም። በማግሥቱ ወደ ሰሐጢ ስንቅና ርዳታ ይዞ ሲጓዝ የነበረውን 500 ያህል ሰው ያለበትን የጣልያን ጦር ዶጋሊ ላይ ደመሰሱት። ስለ ዶጋሊ ስናወራ ጀግንነቱን እንጂ ምክንያቱን ብዙ አናነሣም፤ የጠቡ ምክንያት ግን መንገድና ጉድጓድ ነበር። ጣልያኖች መልስ የሰጡት ከምጽዋ እስከ ሰሐጢ 27 ኪሎ ሜትር የባቡር ሐዲድ በመዘርጋት ነው። በ1888 አፄ ዮሐንስ ብዙ ሠራዊት ይዘው እስከ ሰሐጢ ወርደው ምሽጉን አዩና ሳይዋጉ ተመለሱ። ውሃና ስንቅ በባቡር የሚደርሰውን ጦር፣ ስንቁን በጀርባው ተሸክሞ ቆላ የወረደ ሠራዊት ከቦ ሊያስርበው አይችልም።

ሐዲዱ እየተቀጠለ በ1911 አሥመራ ገባ። ምጽዋ በ1890 የአዲሲቱ ቅኝ ግዛት የኤርትራ ዋና ከተማ ሆና ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ገዥዎቹ ሙቀቱን ሸሽተው ዋና ከተማነቱን ወደ አሥመራ አዛወሩት። በ1921 የመሬት መንቀጥቀጥ የከተማዋን ብዙ ቤቶች ጣለ፤ ዛሬ ከሚታዩት ሕንፃዎች ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ የተሠሩ ወይም የታደሱ ናቸው። ከዚያ ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሊወር ሲነሣ ምጽዋ ወታደርና ዕቃ የጫኑ መርከቦች ተጨናንቀው የሚሰለፉባት በር ሆነች። ባቡሩ ስላልበቃ ከምጽዋ እስከ አሥመራ ወደ 72 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ ዕቃ በገመድ ተንጠልጥሎ ተራራውን የሚወጣበት መስመር ተዘረጋ። በዘመኑ በዓለም ከዚህ የሚረዝም አልነበረም።

በሚያዝያ 1941 ከተማዋ በእንግሊዞች እጅ ስትወድቅ ጣልያኖች መርከቦቻቸውንና ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛዎቻቸውን ሆን ብለው አሰጠሙ። እነዚህን ከባሕር ሥር ለማውጣት ኤድዋርድ ኤልስበርግ የተባለ አሜሪካዊ የባሕር ኃይል መኮንን በዚያ ሙቀት ወራት ደከመ። የሚያሳዝነው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፤ እንግሊዞች በአስተዳደራቸው ዘመን የገመዱን መስመርና ብዙ የወደብ ንብረት ነቅለው ወሰዱ ወይም ሸጡ። ይህን በይፋ ከተቃወሙት አንዷ እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ነበሩ።

በ1952 ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትያያዝ ምጽዋ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል መኖሪያ ሆነች። በጥዋለት ያለው፣ በግብጾች ዘመን በ1870ዎቹ የተሠራው ቤተ መንግሥት የአፄ ኃይለ ሥላሴ የቀዝቃዛ ወራት ማረፊያ ሆኖ አገልግሏል። ብዙ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ምጽዋን የሚያውቀው ከዚህ ዘመን ነው፤ በወደቡ የሠራ አባት፣ በባሕር ኃይል ያገለገለ አጎት ያለው ጥቂት አይደለም። ፌዴሬሽኑ በ1962 ፈርሶ ኤርትራ አንድ ክፍለ ሀገር ከመደረጓ በፊት በ1961 የተጀመረው ጦርነት ግን በመጨረሻ እዚሁ ደረሰ። ሻዕቢያ በ1977 መጨረሻ ምጽዋን ሊይዝ ሞክሮ አልቻለም። ከየካቲት 1 ቀን 1982 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ፈንቅል በተባለው ዘመቻ በምድርም በፈጣን ጀልባም አጥቅቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከተማዋን ያዘ። በሁለቱም ወገን ያለቀው ወጣት ብዙ ነው። ከዚያ በኋላ የደርግ አየር ኃይል ከተማዋን በተደጋጋሚ ደበደበ፤ ሲቪሎች ሞቱ፣ ለረሃብተኛ የመጣ እህል ተቃጠለ፣ የአሮጌው ከተማ ቤቶች ፈረሱ። የቤተ መንግሥቱ የተሰነጣጠቀ ጉልላት እስከ ዘመናችን የቆየ ምስክር ነው። ይህን ክፍል በአማርኛ ስንጽፍ ማለባበስ ያለብን አይመስለኝም፤ ቦምቡን የጣለው የእኛው ወገን መንግሥት ነው።

የሰሜናዊ ቀይ ባሕር ዞን ሙዚየም በምጽዋ የተከፈተው የፈንቅል 10ኛ ዓመት በሚከበርበት በ2000 ነው። ስለዚህ የትጥቅ ትግሉ ታሪክ አንድ ትልቅ ክፍሉ መሆኑ አያስገርምም። ነገር ግን ሙዚየሙ የጦርነት ብቻ አይደለም፤ የቀይ ባሕር ፍጥረታት፣ የጠረፉ ሕዝቦች የኑሮ ዕቃ፣ የቅኝ ግዛት ዘመን ቅሪትና ከሁሉም በላይ የጥንቱ ቅርስ አብረው አሉበት። እኔን የሚስበኝ ይኸኛው ነው።

ከዚሁ ጠረፍ፣ ከዙላ ባሕረ ሰላጤ ዳር ካለችው አብዱር፣ ተመራማሪዎች በጥንት የባሕር ዛጎል አለት ውስጥ የተጣበቁ የድንጋይ መሣሪያዎች አግኝተዋል። ዕድሜያቸው 125 ሺህ ዓመት ያህል ነው። አብረው የተገኙት የኦይስተር ቅርፊቶች የሰው ልጅ በዚያ ዘመን ከባሕር ዳር እየለቀመ ይበላ እንደነበር ያመለክታሉ። ግኝቱ በ2000 ይፋ ሲሆን፣ ሰው ከአፍሪካ የወጣው የባሕር ዳርቻ ይዞ ሊሆን ይችላል ለሚሉ ምሁራን ትልቅ ድጋፍ ሆኖላቸዋል።

ቀጥሎ አዱሊስ ናት። ከምጽዋ በፊት የአክሱም መንግሥት የባሕር በር የነበረችው ይህች ከተማ በዙላ አጠገብ ናት። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈ የአንድ ግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ የጉዞ መምሪያ ስለ እሷ በዝርዝር ይናገራል፦ ከአዱሊስ እስከ ቆሎዔ ሦስት ቀን፣ ከዚያ እስከ አክሱም አምስት ቀን ያስኬዳል፤ የሚወጣው የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የኤሊ ቅርፊት ነው፤ የሚገባው ጨርቅ፣ ብርጭቆ፣ ብረት፣ መዳብ፣ ወይንና ዘይት። ንጉሡ ዞስካሌስ ገንዘብ የሚወድ ግን የግሪክ ትምህርት ያለው ነው ይላል።

የአዱሊስ ትልቁ ቅርስ በየትኛውም ሙዚየም የለም። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ አፄ ካሌብ የመን ለመዝመት በሚዘጋጁበት ሰዓት፣ ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ ነበር። ንጉሡ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ፣ በአክሱም መንገድ ራስ ላይ ባለው ዙፋን ላይ የተጻፈው እንዲገለበጥላቸው የአዱሊስን ሹም አዘዙ፤ ሹሙም ሥራውን ለኮስማስና ሜናስ ለሚባል ጓደኛው ሰጠ። ኮስማስ አንድ ቅጂ ለራሱ አስቀረ። ዙፋኑ ነጭ እብነ በረድ፣ ከኋላው የቆመው ሐውልት ጥቁር ድንጋይ ነበር፤ ሞት የተፈረደባቸው ሰዎች የሚገደሉትም በዙፋኑ ፊት ነበር።

ኮስማስ ሁለቱን ጽሑፎች አንድ አድርጎ ወሰዳቸው። በእርግጥ ግን በመካከላቸው መቶዎች ዓመታት አሉ። ሐውልቱ የግብጹ ንጉሥ የሦስተኛው ጰጥሎሜዎስ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት፣ ለጦርነት የሚሆኑ ዝሆኖችን ከዚህ ጠረፍ እያስያዘ እንዳዘመታቸው ይናገራል። ዙፋኑ ግን የአንድ አክሱማዊ ንጉሥ ነው። የጽሑፉ መጀመሪያ ስለጠፋ ስሙ አይታወቅም፤ ያሸነፋቸውን አገሮች ሲቆጥር ግን አጋሜ፣ አገው፣ ሰሜን እያለ የምናውቃቸውን ስሞች ይጠራል። የሰሜንን ተራራ ከወንዝ ማዶ ያለ፣ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት በረዶ ያለበት ይለዋል። ከደባርቅ በላይ የወጣ ሰው በረዶው ባያገኘውም ብርዱን ያውቀዋል። ድንጋዮቹ ጠፍተዋል፤ ቃሉ የተረፈው አንድ ነጋዴ ጽፎ ስላስቀረው፣ መነኮሳትም በብራና ስለገለበጡት ብቻ ነው።

አዱሊስን ለመጀመሪያ ጊዜ የቆፈሩት የናፒየር ወታደሮች ናቸው። በ1868 ያወጡት የቤተ ክርስቲያን እብነ በረድ ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ገባ። ድንጋዩ ከቁስጥንጥንያ አጠገብ በማርማራ ባሕር ካለ ደሴት የተቆፈረ፣ እዚያው ተጠርቦ በመርከብ የመጣ ነው። ከዚያ በ1906 ስዊድናዊው ሱንድስትሮም፣ በ1907 ጣልያናዊው ፓሪቤኒ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ አንፍሬ ቆፈሩ። ከ2011 ጀምሮ የኤርትራና የጣልያን ባለሙያዎች አብረው እየሠሩ ነው። በ2022 ያወጡት ውጤት ከቤተ ክርስቲያኖቹ ትልቁ ከ400 እስከ 535 ባለው ጊዜ ውስጥ መሠራቱን ያሳያል። ከተማዋ ከከሰመች በኋላ ፍርስራሹ ላይ ሙስሊሞች ሙታናቸውን ቀብረዋል፤ ቦታው ለሁለቱም ሃይማኖት የተከበረ ሆኖ ቆይቷል ማለት ነው።

ባሕሩም የራሱን ድርሻ ሰጥቷል። በ1990ዎቹ በዳህላክ ደሴቶች መካከል፣ ጥቁር አሳርካ በምትባል ትንሽ ደሴት አጠገብ፣ ከአዱሊስ ዘመን የሰመጠች መርከብ ጭነት ተጠንቷል፤ ዛሬ ዮርዳኖስ ውስጥ ካለችው ከአቃባ የተሠሩ የሸክላ ማሰሮዎች ነበሩባት። ከዳህላክ ከቢር መቃብር ደግሞ በጥንታዊ የዐረብኛ ጽሕፈት የተቀረጹ የመቃብር ድንጋዮች በብዛት ተወስደው እስከ ጣልያንና ፈረንሳይ ሙዚየሞች ተበትነዋል። በደሴቲቱ የቀሩት በአለት ውስጥ የተቆፈሩት የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያዎች ናቸው፤ እነሱን ማንም በመርከብ ሊወስድ አይችልም።

ከሙዚየሙ ወጥቶ በመንገዱ ወደ አሮጌው ከተማ የሚሻገር ሰው የሚያየው ግንብ ራሱ ከባሕር የወጣ ነው። የሼኽ ሐናፊ መስጊድ፣ የነጋዴዎቹ ባለ እንጨት ሰገነት ቤቶች፣ የጣልያን ዘመን ባንክ፤ አብዛኛው ግድግዳ የዛጎል ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ ቀላል ነው፣ ለሙቀትም ይበጃል፤ ጣሪያው ከተከፈተ ግን እርጥበቱና ጨው ከውስጥ ይበላው ጀምሮ ያፈርሰዋል። በስሚንቶ መለሰን ደግሞ ጉዳቱን ያፋጥነዋል፤ ስሚንቶ እርጥበቱን አፍኖ ስለሚይዘው ጨው በድንጋዩ ውስጥ ይከማቻል። የጥንቶቹ ግንበኞች ያያይዙበት የነበረው ኖራ ግን ግድግዳውን ያስተነፍሰዋል። ከ1982 ዓ.ም. ድብደባ የቀሩትን ቤቶች ማዳን የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ ጣሪያቸውን መክደን፣ ከዚያ ኖራ የሚያውቅ ግንበኛ መፈለግ አለበት።